የቀረሮ በር

የሂርማታው በራችን ክረምት ሲገባ ያብጣል፤
በትከሻ ካልገፉት ማን ገብቶ ማን ይወጣል?
አባቴ መላጊያ አያስነካውም፤ «ቀረሮ ነው» ይላል፣
«ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲሰማ ውሃ ያምረዋል።»

እኔ የማውቀው ማጠፊያውን፣ ቁልፉን፣ የናሱን እጀታ፤
ቆሞ አላየሁትም ነበር በለጠ ጫካ እስከሄድኩ ለታ።

አባ ዲጋ ቀፎ ሰቃዩ ግንዱን በክንዱ አቀፈው፤
ሲሶውን እንኳ አላዳረሰ።
«ዘሩን ስጠኝ» አልኩት፣ «ጓሯችን ልትከለው።»
ሳቀ። «ኪስ ውስጥ አይከርምም፤ ጎተራ አያውቅም ዘሩ፤
ጉሬዛ ጥሎት ሲያልፍ፣ በእናቱ ጥላ ነው ማደሩ።»

ማታ ደጃችን ስደርስ በሩ እንደ ልማዱ እምቢ አለ።
ትከሻዬን መለስኩና
ጥቂት አብሬው ቆምኩ፤
ዘነበብን።