አምስተኛው ጥቅል

ጣልያን ትቶት ሄዶ፣ የዱቄት መጋዘን
ሲኒማ ቤት ሆነ፤ ደሴ ላይ፣ እኛም ፈዘን
አቡጀዲ ስናይ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ከደጅ የጦሳ ጉም በሩን እየመታ።

ፊልሙ ዲዳ ነው፤ ጠርዙ የተቧጨረ፣
ከአስመራ በጭነት፣ ከጨው ጋር ያደረ፣
አምስት ጥቅል ተብሎ አራት የደረሰ፣
ገዳዩ ሳይያዝ ብርሃኑን የጨረሰ።

ይማም ገብረኪዳን ከሸራው ጎን ቆሞ፣
በሸንበቆ ዘንጉ ፊቱን ጠቋቁሞ
ያልተጻፈ ያነባል። ፈረንጅኛ አያውቅም፤
(ይህን የማውቅ እኔ፣ ሌላ ሰው አይጠይቅም።)

"እዩት ይህን ቀጭን፣ አፍንጫው የሾለ፣
ከትንባሆ አመድ ላይ ስም የፈለፈለ።
ሌባሻይ አይደለም፤ አይጠጣ፣ አይሰክር፣
አውጫጭኝ አይጠራ፣ ከዛፍ ሥር አይመክር።
ጭቃውን ጠይቆ፣ ጫማውን ጠይቆ፣
ሰው የዋጠውን ቃል ከዕቃ አፍ ፈልቅቆ…"

"አላህ ያርቅልን!" አለ ባለ ሚዛኑ
ኡመር ቅቤ ነጋዴው፤ ሳቀ ወገኑ።

መጨረሻው የለም። ይማም ግን አይጨንቀው፣
ከሐሙስ ሐሙስ ነው ገዳይ የሚያፈልቀው፤
አንዴ ሐኪሙ ነው፣ አንዴ ደግሞ አሽከሩ፣
ሰው ያነሰ ለታ፣ ሟች ራሱ በክብሩ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ሦስተኛው ጥቅል ላይ፣
መርማሪው ተንበርክኮ የጫማ ፈለግ ሲያይ፣
ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት ድምፅ ተነሣች፤
መዲና ናት፤ ባሏን ቦርከና ማዶ ያጣች።
ሦስት ቀን ከዋርካው ሥር አገር ተቀምጦ፣
"አላየሁ፣ አልሰማሁ" ምሎ፣ ቃሉን ውጦ
የተበተነባት።

"አያ ይማም" አለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣
"ያን ሰው ጠይቅልኝ፣ መስተዋት ሲያገላብጥ፦
የእኔን ሰይድ ማን ነው?"

ዘንጉ አየር ላይ ቀረ።
ምላሱ የሰላው ይማም ተቸገረ።

ቋ!
አንድ ታጣፊ ወንበር፣ ከኋላ፣ ከስሙኒው።
ማንም ዞር አላለም። በሩን ጉም ከፈተው፤
አንድ ሰው ይዞ ወጣ።

ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ፤
ከዘጠነኛው ወንበር ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ጫፉ የታኘከ የክብሪት እንጨት፣
ሦስት ሚስማር ያተመበት
ቀይ ጭቃ።

እንደዚያ የሚያኝክ በከተማው አንድ ነው፤
ዕድር የሚዳኘው፣
የመስጊዱን ምንጣፍ፣ የታቦቱን ጃንጥላ
ከኪሱ የሚገዛው።

ጠረግሁት።

ይማም ሞተ። መዲናም። መጋዘኑ ፈርሶ ባንክ ቆመበት።
አምስተኛውን ጥቅል የሚያነሣ ቢገኝ
"አስመራ ቀረ" ይላል፤ ሌላው "ሐይቅ ሰጠመ፣
መኪናው ሲገለበጥ።"

አልሰጠመም።
እኔ ዘንድ ነው፤ ስልሳ ዓመት በጨለማ ይዞራል።
ዓይኔን ስከድን ያ ቀጭን ሰው ይንበረከካል፣
መስተዋቱን ያወጣል፤
አጎንብሶ የሚያየው ግን ጭቃ አይደለም፣
የእኔን መጥረጊያ ነው።