በወገቤ ልክ

ኡራጓይ ወንዝ ሞልቶ፣ በጓሮ በር ገብቶ፣
የጡብ ምድጃችንን እንደ ስኳር አሟሙቶ
ሄደ፤ ጭቃና አንድ የሞተ ዓሣ ትቶ።

«ተይው» አለ ኤውሎሂዮ፣ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ፣
(ካመመው ወዲህ እጁ ወፍ ነው፣ አያርፍም ጉልበት ተመርኩዞ)፤
«ደግ አደረገ ወንዙ፤ ጠባሹ ሲያልቅ ምድጃው ይፍረስ።»
«አላለቅክም» አልኩት፤ «ተነሥ፣ ሸሚዝህን ልበስ።»

ሳልቶ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ የብረታ ብረት መደብር፤
ሻጩ ልጅ ስሙ ዋሽንግተን ነው። (እኛ አገር ይህ ነውር
አይደለም፤ ኔልሰንም ኤዲሰንም ሞልቷል በየሰፈሩ።)
የእኛው ዋሽንግተን ግን ሁሉን ይበልጣል በንግግሩ፦

«ጌታዬ፣ ይሄ በጋዝ ነው፣ አራት ምላስ አለው፣
እንዲህ ጠቅ ሲያደርጉት ብቻ ነው የሚበራው፤
ክዳኑ ላይ ሙቀት የሚለካ ሰዓት መሰል አለ፣
አመድ የለ፣ ጭስ የለ፣ ፈልጦ ማንደድ የለ...»
ባሌ ለልጁ ሳይሆን ለምድጃው መለሰለት፦
«አንተ ወጥ ቤት ነህ፣ ጎማ የተገጠመለት።»

ሁለተኛው እንቁላል ይመስላል፣ ከሸክላ፣ አረንጓዴ፤
ዋጋውን ሳነብ ቦርሳዬን አቀፍኩት በክንዴ።
ሦስተኛው በርሜል ነው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣
ብየዳው የእንጀራ እናት ስፌት፣ ዳር ዳሩ የለቀቀ።
አራተኛውን ስስ ቆርቆሮ በጣቴ ነካ ባደርገው
እንደ ሽማግሌ ሳለ። ዋሽንግተን ራሱ አፈረው።

አምስተኛው ጥግ ላይ ቆሟል፣ አቧራ ለብሶ፤
ወፍራም ፍርግርግ፣ የእሳት ጡብ ከሥሩ ተነጥፎ ተለስኖ፣
በጎኑ የማገዶ ቅርጫት፤ በሰንሰለት የሚወጣ የሚወርድ፣
መሪ የመሰለ እጀታ፣ ሥጋን ከፍም የሚያርቅ የሚያዛምድ።
ኤውሎሂዮ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ማለት
መውደድ ነው፤ ሲያጨኝም እንዲያው ነበር፣ ቃል አልነበረበት።

እኔ ግን ተጠግቼ ቆምኩ፤ ፍርግርጉ ደረቴ ጋ መጣ።
«ከፍ ይላል» አልኩ። ሁለቱ ወንዶች ዞሩ፣ ዋሽንግተን ቃል አጣ።
«ለማን?» አለ ባሌ።
«ለእኔ።»

አርባ አንድ ዓመት፣ በየእሑዱ፣
ወንዶቹ እሳት ከብበው ወይን ሲቀዱ፣
እኔ ቲማቲም ስከትፍ፣ በሽንኩርት ሳለቅስ፣ ድንች ስልጥ፣
ሥጋው በሳንቃ ሲቀርብ፣ ቢላው ጎድን ሲቆርጥ፣
«ለጠባሹ ጭብጨባ!» ይላል አንዱ፤ ይጨበጨባል፣
እሱም ኮፍያውን አንሥቶ እንደ ጳጳስ ይባርካል።
ለሰላጣ ተጨብጭቦ አያውቅም። እኔም ጠብቄ አላውቅ።
(ጠብቄአለሁ። አንዴ። ልጃችን ዳማሪስ ስትመረቅ።)

ዋሽንግተን «እግሩን እንቆርጠዋለን፣ ዶና ኔሊዳ» አለ፣
«ስንት ሴንቲ?» ቢለኝ፣ ቁጥር እኔ ዘንድ የት አለ፤
ወገቤን ይዤ ቆምኩና «እዚህ ጋ» አልኩ።
ጠመኔውን ባሌ ተቀበለ። አልከለከልኩ።
እግሩ ላይ ያሰመረው መስመር እንደ ወንዛችን ዞረ፣
ልጁም ያንኑ ተከትሎ ቆረጠ፣ አላሳጠረ አልጨመረ።
ምድጃችን ዛሬም ትንሽ ያነክሳል፤
ከፍርስራሹ የተረፈ አንድ ጡብ ደግፎታል።

የመጀመሪያው እሑድ፦ እንጨት አብዝቼ ጭሱ አጥር ዘለለ፣
የጎረቤቴ የኢርማ አንሶላ በገመዱ ላይ ከሰለ።
«እጅሽን ፍሙ ላይ ዘርጊ፣ ቁጠሪ» አለኝ ከወንበሩ፣
«ሰባት እስኪደርስ ከቻልሽው፣ እሱ ነው የጎድን ምሥጢሩ።»
በአራት ሸሸሁ። «ጠብቂ።» በአምስት ሸሸሁ። «ጠብቂ።»
ፍም እንደ ባል ነው ለካ፤ ካልሰከነ አትጠይቂ።

ጎድኑ ባንድ ወገን ከሰል፣ በሌላው ጥሬ ሆኖ ቀረ፤
ማንም አላጨበጨበም፤ አማቼ ጥርሱን ይቆጥር ነበረ።
ኤውሎሂዮ አኘከ፣ አኘከ፣ «ጨው ያንሰዋል» አለኝ፤
ሁለተኛ ሲያነሣ ግን አየሁት፤ ዝም ማለት ተሻለኝ።

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ጫፍ ሳህኑን ልብ ያልኩት፣
ቲማቲሙን፣ አንዱን ወረቀት አንዱን ጡብ ሆኖ ያየሁት፤
ሽንኩርቱ ግማሹ ሳይላጥ፣ ዘይቱም ከሳህን ተርፎ።
ማን ከተፈው አላልኩም።
እጅጌው ጫፍ ላይ የቲማቲም ፍሬ ነበር፣ ደርቆ፣ ተለጥፎ።