ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ፣ ሳብኩ የግምጃ ቤቱን በር፤
ዝናብ የጠጣ እንጨት ነው፣ ክረምት ክረምት የሚያስቸግር።
ሸምሱ ቆሟል ከደጁ፣ የሞላ ማዳበሪያ ከብብቱ፣
ጫማውን ደጋግሞ ሲጠርግ፣ እንደ እንግዳ በገዛ ቤቱ።
«እትዬ ዘርፌ፣ ክሊራንስ ነው» አለና ወረቀት ዘረጋ፤
መነጽሬ ግንባሬ ላይ ሳለ ገባሁ መነጽር ፍለጋ።

«ክለቡ ባደረገው አዲስ የቡድን አደረጃጀት
ውልዎ እንደማይታደስ እየገለጽን በአክብሮት፣
ላበረከቱት አስተዋጽኦ...» ይላል። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው።
የአባቱ ስም ግን ተሳስቷል፤ አባ ፊጣን «አባ ፊታ» ነው ያለው።
ዘጠኝ ዓመት!
በዘጠኝ ዓመት አንድ ፊደል ማንን ይጠፋዋል?
እሱ ግን «ይሁን፣ ይታወቃል» አለ።
ምኑ ይታወቃል?

እኔ ኳስ አላውቅም። ጭቃ ነው የማውቀው።
ቅዳሜ ማታ ማልያ ሲመጣ፣ ሳፋ ሙሉ ስነክረው፣
ማን የት እንደዋለ፣ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደቆመ
ውሃው ይነግረኛል፣ ከጋዜጠኛም ከዳኛም የቀደመ።
ጎል አግቢው ልጅ ማልያው ነጭ ነው፣ አንገቱ ሽቶ ሽቶ ይላል፤
በአንድ እጥበት፣ በአንድ ፀሐይ፣ ገመድ ላይ ውሎ ያበራል።
የአሥራ አራት ቁጥር ግን
ሦስት ሳፋ ውሃ አቅልቶም በወጉ አይጠራም፤
ከክርኑ የወጣው አፈር ቢጠራቀም ጎመን ያበቅላል ብል አልዋሽም።

ተመላላሹ ወደ ፊት ሲበር ጥሎት የሄደውን ቀዳዳ
እሱ ነው አሉ የሚደፍነው፣ ሳይጠራ፣ የሰው ዕዳ።
ጎሉስ? አንድ ናት በዘጠኝ ዓመት።
እሷንም ሊሸሻት ጎንበስ ሲል ነው፣ በጀርባው ነጥራ የገባች።
ያን ቀን ማልያው ላይ ክብ የኳስ ማኅተም ነበረ፤
አላጠብኩትም። ሁለት ቀን እንዲያው አደረ።

እንግዲህ መቁጠር ነው። ማልያ፣ ሁለት። ቁምጣ፣ ሁለት።
ቱታ፣ አንድ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ እኔው በመርፌ የያዝኩለት።
የቅልጥም መከላከያ፣ አንደኛው የተሰነጠቀ፤
የማን ታኬታ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይቅርታም ያልጠየቀ።
ካልሲ ሦስት ጥንድ ነበር ወጪው፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሞ፤
አምስት እግር ቆጠርኩ። ደገምኩ። አምስት። ዝም አለኝ እዚያው ቆሞ።

«አንድ እግር ይጎድላል፣ ሸምሱ።»
«አዎ። ጊቤ ላይ ነው የቀረው።
ማለቴ... አልቀረም እንኳ። አውቶብሱ ውስጥ ነው ያለው።
ተሸንፈን ስንመለስ፣ በረሃው መሃል፣ ቀትር ላይ፣
የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ እንፋሎት ሲወጣ ወደ ሰማይ፣
ሙክታር ‹ጨርቅ አምጡ!› ብሎ ሲጮህ እኔ ነበርኩ የቀረብኩ፤
ጫማዬን ፈትቼ ሰጠሁት። በአንድ እግር ካልሲ ጅማ ገብቼ አደርኩ።»

ከመስኮቱ ማዶ አውቶብሱ ቆሟል፣ ታጥቦ ለእሑዱ ጉዞ፤
አዳዲሶቹ ልጆች ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ስልክ፣ አንዱ አቮካዶ ይዞ።
አሥራ አራት ቁጥርን ማን እንደሚለብስ ትናንት ተነግሮኛል፤
ትንሽ ልጅ ነው፣ የቦሳ አዲስ ልጅ፣ ሚዲየሙ ይሰፋዋል።

መመሪያው ግልጽ ነው፦ የጎደለ ንብረት ከደመወዝ ይቆረጣል።
ከየትኛው ደመወዝ? የሦስት ወሩ ገና እነሱ ዘንድ ተቀምጧል።
ብዕሬን አራገፍኩ። ከመጨረሻው መስመር ላይ ጻፍኩ፦
«ካልሲ፣ አንድ እግር፣ የግራ። በአገልግሎት ላይ ያለ።»
ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ቅጂውን ሰጠሁት።
አነበበው። ሊስቅ ነበር፤ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ።

«ደህና ዋይ፣ እትዬ።» ባዶውን ማዳበሪያ አራገፈ፣
አጣጠፈ፣ እንደ ገና አጣጠፈ፣ ከብብቱ ሥር ወተፈ።
በሩን ከውስጥ ብስበው አልገጥም አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።
ከውጭ ሆኖ በትከሻው
አንዴ ገፋው።

ተዘጋ።