ያልተጨረሰው ጠርዝ

ኢዮጴ ወደብ ላይ የዓሣ ሣጥን አጥባለሁ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ንጋት አለሁ።
ቅርፊቱ ክንዴ ላይ ደርቆ ያብረቀርቃል፣
አለቃዬ በዕብራይስጥ «ቶሎ በል» ይለኛል፤
ስሜን ጠይቆኝ አያውቅ፣ እኔም አልነገርኩት፣
ያ ስም ከነማዕረጉ ፎቅ ላይ ነው የተውኩት።

ፎቁ ተል አቪቭ ነው፣ ከጫማ ቤቱ ራስ፤
መቶ አርባ ወንበር፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ አትሮንስ።
የሰው አገር ሽማግሌ ሲያነሡ ሲያስተኙ
ሳምንቱን የዋሉ እኅቶች፣ ቅዳሜን ሲያገኙ
እግራቸው እንዳበጠ ደረጃውን ወጥተው
«ፓስተር!» ሲሉኝ ጊዜ
ቁመት የጨመርኩ ይመስለኝ ነበር፣ ከሥር ሲያዩኝ ቆመው።

እኅት ስንዱ ከኋላ ነበር የምትቀመጥ፣
ሱሪ የምታሳጥር፣ ዚፕ የምትለውጥ።
ለአትሮንሱ መሸፈኛ ሐምራዊ ጨርቅ ገዝታ
ጠርዙን እያጠፈች ጣላት በሽታ።

ሦስት ሌሊት ደወለች።
እኔ ጉባኤ አለብኝ! ከሃይፋ፣ ከናታንያ
ሕዝብ ሊመጣ ነው፤ ባነር አለ፣ አዲስ ድምፅ ማጉያ፤
የስብከቴ ርእስ «እረኛው» ነበረ (ስናገር አፍራለሁ)፣
ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ጥቅስ እለቅማለሁ።
ጠረጴዛው ላይ እንደ ተገለበጠች ዝንብ
ሲንዘፈዘፍ አየዋለሁ፤ እኔ ግን ሳነብ፣ ሳነብ…

ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ተነጥፏል።
ነርሷ «ምኗ ነህ?» አለች።
«እረኛዋ» ይባላል?

በዚችው ኢዮጴ ነው፣ ጣቢታ ስትሞት
መበለቶች ጴጥሮስን ከበው የቆሙበት፣
የሰፋችውን ልብስ እየዘረጉ ያሳዩት።
ለእኔም ዘረጉልኝ፦ አንዷ የልጇን ካፖርት፣
አንዱ የሥራ ሱሪ፣ ጉልበቱ የተጣፈበት፤
ዓይናቸው አፌ ላይ፣
«ተነሺ» የምትል አንዲት ቃል ጠብቀው።
ጉሮሮዬ ደርቆ ቆምኩ እንደ ሌባ ሰው፤
ለካ እስከ ዛሬ ድረስ ያገዘፈኝ ማጉያው ነው።

ጉባኤው ተበተነ። ማንም አልሰደበኝ፤
ይኸው ዝምታቸው ነው ከስድብ የከፋብኝ።
ወንበሩን ሸጥነው፣ ለኪራይ ዕዳ ሄደ፤
ኪቦርዱን አንዱ ልጅ «ላድሰው» ብሎ ወሰደ፤
ጨርቁ ለእኔ ቀረ፣ መርፌው እንደ ተሰካ፣
ዓመት ሙሉ ተቀመጠ እጄ ሳይነካ።
ዮናስ ከዚህ ወደብ ከፍሎ ነው የሸሸ፤
እኔ መሳፈሪያ አጥቼ እዚሁ መሸ።

ጋሽ ዳኘውን ስኳሩ አንድ ዓይኑን ወስዶበታል፤
ማክሰኞ ክኒኑን ስለይለት አጠገቤ ይቀመጣል።
አንድ ቀን «ጸልይልኝ» አለ።
ያ የድሮው ድምፄ፣ ያ አዳራሽ የሚሞላ፣
ሽቅብ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ
«ጌታ ሆይ» ብዬ ቀረሁ፤ ቀጣዩ ቃል የለም።
ፍሪጁ ያጉረመርማል። እጁን አልለቀቅሁም።
ልጀምር ስል «አሜን» አለ።
ከስንት ዓመት ስብከት በኋላ፣ እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አልነበርኩም የምደመጥ።

ጧት ከወደብ ስመለስ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
ጠርዙን እሰፋለሁ፣ ክሬ እየተጎተተ።
የእሷ ስፌት ጤፍ ያህላል፣ ቀጥ ያለ ነው፤
የእኔ ግን የሰካራም መንገድ ነው የሚመስለው፤
የት ላይ እንዳቆመች ጋሽ ዳኘው በጣቱ ይለየዋል።
አትሮንስ የለኝም፤ ጨርቁን ምን ላይ እንደማለብሰው ማን ያውቃል።
ስልኬ አጠገቤ ነው፣ ፊቱን ወደ ላይ።
ክሩ አልቋል። ነገ ሱቅ ሄጄ ልይ።