ሠላሳ አንደኛዋ

ከሶሃር ወጣ ብሎ፣ ጨው የበላው ተምር የቆመበት፣
የቆርቆሮ ቤት አለ፣ የሰው ሽንት የሚሰፈርበት።
ሠላሳ ቢጫ ጀሪካን ተርታ ገብቶ ይጠብቀኛል፤
ሺራጁል ከመኪናው አውርዶ፣ አፍንጫውን ይዞ ይስቅብኛል።
"እህቴ፣ ወርቅሽ መጣ!" ይላል በተሰባበረ ዐረብኛ፤
እኔም ፈርሜ እረከባለሁ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ።

ከግንበኞች ካምፕ ነው የሚመጣው።
እዚያ በሽንት ቤቱ ግድግዳ፣ የቀለም ሰንጠረዥ ተለጥፏል፦
ከላይ እንደ ምንጭ የጠራ፣ ከታች እንደ ሻይ የጠቆረ፤
"ቀለምህ ይህን ከመሰለ ውሃ ጠጣ" የሚል ተጽፏል።
እኔ ሰንጠረዥ አላይም፤ ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አነሣለሁ፣
የማን ቀን እንዴት እንደዋለ ከቀለሙ አነባለሁ።
ቁጥር ሰባት ጣራ ላይ ነው መሰለኝ፤ ወሩን ሙሉ እንደ ጠቆረ፤
ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ታሞ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ባዶ አደረ።
ስማቸውን አላውቅም።
ቁጥር ሰባትን ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው፣
"ወንድሜ፣ ውሃ ጠጣ" እለዋለሁ፤ በምን እንዳወቅሁ ሳልነግረው።

ዶክተር ዙወይና ስታወራ እጇን ታወናጭፋለች፤
"ሰውነት የበላውን ሁሉ አይጨርስም፤ ትርፉን ይመልሳል" ትላለች።
ከባሕር ውሃ ማጣሪያው የተረፈውን መራራ ጨው አምጥታ
በርሜሉ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ይደፈርሳል። ይረጋል።
ሲነጋ ከሥሩ ነጭ አሸዋ።
በመዳፌ ዘገንሁት፤ አይሸትም።
የደቀቀ አሞሌ መሰለኝ፤ ልልሰው ጥቂት ቀረኝ።

አባቴ ሐርቡ ላይ አንድ ጆንያ ዩሪያ በዱቤ ወስዶ ነበር።
ዝናቡ ቀረ። ማሽላው አልበቀለም፤ ዕዳው በቀለ።
በሬው ተሸጠ፤ እሱም አልበቃ አለ።
ከዚያ የእኔ ፓስፖርት ወጣ።
ጆንያው ላይ የነበረውን ጽሑፍ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤
ዛሬ ፊደሉን ዐውቄዋለሁ፤ የተሞላው ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር።
ከጋዝ ተሠርቶ፣ ባሕር አቋርጦ ወደ እኛ ማሳ ሄደ፤
እኔ ዋጋውን ልከፍል መጣሁ።
መንገድ ላይ ተላልፈናል።

ማዳም ቤት ሁለት ዓመት፣ ሽንቴን አምቄ ነው የዋልሁት፤
ሦስት ደቂቃ ካለፈ በሩ ይደበደባል፤ ቆጥሬ ነው የወጣሁት።
ያኔ ከአንቺ የሚወጣው ማሳ ያለመልማል ብሎ
ማን ነገረኝ?

እናም አንድ ሐሙስ፣ ዶክተር መስቀጥ ስትሄድ፣
አንድ ትርፍ ጀሪካን አየሁ።
መጋረጃውን ሳብሁ። ማንም በር አልመታም።
ደቂቃም አልቆጠርሁም።
ከሠላሳው ጋር ደባለቅሁት፤ የማን የማን እንደሆነ የማይለይበት በርሜል ውስጥ።
ጥናት ማበላሸት እንደሆነ ዐውቃለሁ፤
ሌሊቱን በአንድ ጎኔ አልተኛሁም።

በአምስተኛው ሳምንት አልፋልፋው ጉልበት ደረሰ።
ከጎኑ ያለው፣ የጨዋማ ጉድጓድ ውሃ ብቻ የጠጣው፣
እንደ ቢጫ ወባ በሽተኛ ተኝቷል።
ዶክተር ጎንበስ ብላ ለካች። ጻፈች።
"ሠላሳ ወንዶች" ይላል ወረቀቷ።
ከጀርባዋ ባልዲ ይዤ ቆሜ
ከንፈሬን ነከስሁ፤ ሳቄ ግን በአፍንጫዬ ወጣ።
"ምነው?" አለችኝ። "አቧራ ነው" አልኋት።

ማታ አባቴ ደወለ።
"መሬማ፣ ቀየርሁት ያልሽው ሥራ ምንድን ነው?"
"ማዳበሪያ ነው፣ አባባ።"
"ዩሪያ?"
ትንሽ ዝም አልሁ።
"የዩሪያ ታላቅ ነው፤ እሱ ሳይወለድ የነበረ።"
አልገባውም። ገበሬ ነውና የሚጠይቀውን ጠየቀ፦
"ኩንታሉ ስንት ገባ?"
አፌን ስከፍት ካርዱ አለቀ።

ጠዋት ሺራጁል አፍንጫውን ይዞ መጣ።
አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሣኋቸው።
ቁጥር ሰባት ጠርቷል።
ማን ነገረው?