የተረከዜ እንግዳ

ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ቤት ከገደል ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በተሰፋበት፣
ባሕሩ ከታች ሆኖ የሰውን ሁሉ መስኮት በሚያይበት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዝ ተሸክሜያለሁ፤
ከልጆቼ ልደት ይልቅ የደረጃውን ቁጥር አስታውሳለሁ።
መቶ ስድሳ ሁለት፣ እስከ ሴኞራ ኤርሚንዳ በር፤
ከዚያ ሰባ አራት፤ ከዚያ ውሻው፣ ከዚያ አጥር።

ምስማር ጫማዬን በስቶ ገባ፤ እኔ ግን አልሰማሁም፤
ስኳር እግሬን አደንዝዞት «ወይ» እንኳ አላልኩም።
ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ደም አየሁ፤
የሌላ ሰው መስሎኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ከዚያ ቁስል ሆነ። ቁስል ሆኖ ቀረ፤
ሁለት ክረምት ሙሉ አፉን እንደ ከፈተ አደረ።
ማር ቀቡት፣ ብር ቀቡት፣ በጨው ውኃ አጠቡት፤
ዝም የማይል አፍ ነው፣ በምን ይለጉሙት?
ሐኪሙ በጣቱ ከጉልበቴ በታች መስመር አሰመረ፤
ሥጋ ቤት የቆምኩ ያህል ሆዴ ተሸበረ።

«አንድ ሙከራ አለ» አለችኝ ዶክተር ያስና፣
እንደ ሎተሪ አዟሪ ሳይሆን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በትሕትና።
«ከሕፃን እትብት የወጣ ግንደ ሕዋስ ነው፤
ሊጣል የነበረ፣ እናቱ ፈርማ የሰጠችው።
የቁስልዎን ዳር ዳር በመርፌ እንወጋለን፤
ላይሠራ ይችላል። እናያለን።»

«የማን ልጅ ነው?» አልኳት።
«ደንቡ አይፈቅድም» አለች።
«ወንድ ነው ሴት?»
ፈገግ ብላ መርፌዋን ወደ ብርሃን አነሳች።

እኔ እትብት የማውቀው አፈር ሲገባ ነው፤
የኔን እናቴ ቺሎዌ ደሴት፣ ከፖም ዛፍ ሥር ቀበረችው።
ዛፉ ዛሬ የለም። ደሴቱ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠራኛል፤
ምን ዕዳ እንዳለብኝ እሱ ያውቀዋል።

ሕዋሶቹ እንደ ችግኝ ሥር ሰደው፣ ቆዳ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር።
ያስና ሳቀች፦ «አይቆዩም እኮ፤ ሥራቸው ሌላ ነገር።
ይገባሉ፣ የተኛውን ቤተሰብ ይቀሰቅሳሉ፣
‹ተነሱ፣ ጣሪያችሁ ተቀዷል› ይላሉ፤
መርፌና ክር የሚያነሳው የራስዎ ገላ ነው፤
እነሱ ብዙም ሳይቆዩ የሉም፣ ማንም ሳይሸኛቸው።»

መጥቶ፣ ባለቤቱን ቀስቅሶ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ የሚሄድ፣
እንዲህ ያለ እንግዳ አላየሁም፣ ከባዕድም ከዘመድ።

በአራተኛው ሳምንት ፋሻው ሲፈታ፣ ዳር ዳሩን ስስ ስልባቦት፣
ወተት ላይ የሚረጋው፣ ትንፋሽ የሚቀደው ዓይነት።
በዘጠነኛው አፉ ጠበበ፣ የሳንቲም ክብ አከለ፤
በአሥራ አራተኛው
ዝም አለ።

አጠገቤ የተኛው ዓሣ አጥማጁ አርሴንዮ፣
ያው መርፌ፣ ያው ማክሰኞ፣
እሱ ግን እግሩን አጣ። «ለምን?» ስላት፣ «አናውቅም» አለች፤
ይህን ስትል ዓይኗን አላሸሸች።
«ተአምር» የሚል ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፌ አይወጣም፤
በአርሴንዮ ክራንች ፊት ያ ቃል አያምርም።

አሁን በገመድ ባቡር ስወጣ ስወርድ ሕፃናትን አያለሁ፤
ሦስት ዓመት የሚሆናቸውን እገምታለሁ።
አንዷ አይስክሬሟ በክርኗ ሲወርድ፣
አንዱ «ጫማዬን!» ብሎ ወለሉ ላይ ሲንከባለል፣ ሲያብድ፣
አንቺ ትሆኚ? አንተ?
አድገህ «እትብቴ የት ተቀበረ?» ብለህ ብትጠይቅ፣
«ሰጠሁት» ትላለች እናትህ፣ ለማን እንደሆን ሳታውቅ።

ስለዚህ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ።
ዘጠናኛው ደረጃ ላይ አርፋለሁ፣ መቶ ሃያው ላይ አርፋለሁ።
ሴኞራ ኤርሚንዳ ከላይ፣ ልብስ እያሰጣች፣ ታየኛለች፤
«ባዶ እጅህን ነህ፣ ምን አዘገየህ ኤቫሪስቶ?» ትላለች።
«ባዶ አይደለሁም» እላታለሁ፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ፣
«የሰው አገር ነው የተሸከምኩ።»