መልሕቁን አቀብለኝ

መንጠቆው ዞሮ ሲመጣ አላየሁትም፤
ያዩት ነገሩኝ እንጂ። ማዕበል አልነበረም፣ ነፋስም።
የጓንቴ እርጥበት ትዝ ይለኛል፣
ከዚያ በኋላ ነጭ፤
አርባ አንድ ቀን ሙሉ ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ነጭ በነጭ።

"ተርፈሻል፣ ቶርዲስ" አለኝ የትሮምሶው ሐኪም፤
ቃሉን በአፌ አላመጥኩት፣ አልዋጥ አለኝ፣ አልተፋሁትም።
ተርፈሻል።
ከድግስ የሚተርፍ አለ፣ ከስፌት የሚተርፍ እራፊ፤
እኔስ የምኑ ነኝ፣ የየትኛው ትራፊ?

ቤት ስገባ መሳቢያው ሁሉ ስም ተለጥፎበታል፤
"ሹካ"፣ "ፎጣ"፣ "ክብሪት"፤ አስላክ በደማቁ ጽፎታል።
በጨለማ መርከብ ይዤ ወደብ የገባሁ፣
በገዛ ኩሽናዬ የብስ አጣሁ።

ሾርባው ሲቀርብ "መልሕቁን አቀብለኝ" አልኩት፤
ማንኪያ ማለቴ ነው፤
ቃሉ ከሆዴ ሲነሣ ሌላ፣ ከንፈሬ ሲደርስ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።
አልሳቀም። አላረመኝም።
ማንኪያ አቀበለኝና፣
"ጣይው፣ ሳይበርድ" አለ፣ "እዚህ ጋ ጥልቅ አይደለምና።"

ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ግን ያደክማል።
ሳህን ወርውሬበታለሁ፤ ስባሪው ዛሬም ምድጃው ሥር ያብለጨልጫል።
ቀብር ላይ ሳቅሁ፤ ቀልድ ሰምቼ አለቀስኩ፤
የፊቴን መሪ ማን እንደጨበጠው ሳላውቅ ከረምኩ።

ሽታም የለኝም።
ዓሣው በእንጨት ላይ ሲሰቀል ደሴታችን ዳር እስከ ዳር ይሸታል፤
እንግዳ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤
እናቴ "የገንዘብ ሽታ ነው" ትል ነበር።
እኔ መሃሉ ቆሜ እስባለሁ፣ ደግሜ እስባለሁ፤
ብርድ ብቻ።

ልጆቹ ናቸው የጠሩኝ፤ እነሱም ሳያውቁት።
በኛ ዘንድ የዓሣውን ምላስ ልጆች ናቸው የሚቆርጡት፤
ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ በትልቅ ሰው ቡትስ፣
የሚያገኟት ሳንቲም የራሳቸው፣ ማንም አይነካባቸውም።
ሱኒቫ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቢላዋን እንደ እርሳስ ይዛ፣
አውራ ጣቷን ልትሸኘው ነው።
እጄ ሄደ። እኔ አልላክሁትም፤ እጄ ራሱ ነው።
ራሱን ሚስማሩ ላይ ሰካው፣
ከአገጩ ሥር አንዴ፣ ከግራ በኩል አንዴ፣
ዱብ አለ ምላሱ፤
ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ተሰማኝ ድምፁ።

"እስቲ ድገሚው" አለች።
"ይሄን... ይሄን..." ቃሉ የለም። ጨለማ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፣
የነካሁትን አወጣሁ፤ "ደወሉን" አልኩ፣
"ደወሉን እንዲህ ያዢው።"
አልሳቁም ብል ውሸት ነው። ሳቁ፣ አንዱ በረዶው ላይ ተንከባለለ።
በማግስቱ ግን ስመጣ ሱኒቫ ትጮኻለች፣
"ደወሌን ማነው የወሰደው? ደወሌ የት አለ?"
እነሆ ሦስተኛ ክረምት፤
በዚህ ወደብ ልጅ ሁሉ ቢላውን ደወል ይላል።

ምላስ አጥንት የለውም ይባላል።
እውነት ነው፤ ስንት ሺህ ቆርጬ አይቼዋለሁ፤
አጥንት የሆነው የኔው ነው፣ እሱንም ቀን በቀን አላምጠዋለሁ።

ግማሽ ሰዓት እሠራለሁ፤ ከዚያ ብርሃኑ ራሴን ይወጋዋል።
መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፤ ይሄ አልተሻለኝም፣ አይሻለኝም ይሆናል።
መርከቤ ተሸጠች። ማለዳ ስትወጣ በመስኮት አያታለሁ።
የሐኪሙን ስም ረስቻለሁ፣ የጎረቤቴንም፤
የእሷን አልረሳሁም።

ትናንት ከመሳቢያው አንዷን ወረቀት ላጥኳት፤
"ማንኪያ" የምትለዋን፤ ገለበጥኳት፣
በተንጋደደው ፊደሌ "መልሕቅ" ብዬ ጽፌ መልሼ ለጠፍኳት።
አስላክ መጣ። አነበበ።
ምንም ሳይል ሾርባ ጣደ።